ከናይሮቢ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ

ሰኔ 24፣ 2017 ዓ.ም፣ ሰበታ

ዛሬ አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባ በፌስታል የሚቋጠር ቢሆን ይዤው እመጣ ነበር። ቤቱ እንደተውኩት ነው፤ የጠዋቱ ብርጭቆ እንኳ ከጠረጴዛው አልተነሳም። ኤዶም ለሥራ ናይሮቢ ከሄደች አሥራ አንድ ወር ሆናት። ሚስቱ የሄደችበት ሰው ወይ ይጠጣል ወይ ይጽፋል ይባላል፤ እኔ ጴንጤ ስለሆንኩ እጽፋለሁ።

የተጨበጨበልኝ ለዶክትሬት ጥናቴ ነው። የሁለት አገር የገንዘብ ገበያ ጥልቀት በዘመናት መካከል ሳነጻጽር ነው የከረምኩት፤ የኢትዮጵያንና የኬንያን። ጥልቀት ማለት አንድ አገር ከምታመርተው ጋር ሲተያይ ባንኮቿ ለሕዝቧ ምን ያህል አበደሩ፣ የአክሲዮን ገበያዋስ ምን ያህል ነው ማለት ነው። የእኛ የአክሲዮን ገበያ ገና ዓመት አልደፈነም፤ የናይሮቢው እናቴን በዕድሜ ይበልጣታል። ስለዚህ ክርክሬን ያቆምኩት በባንክ ብድር ላይ ነው። የሁለቱን አገር መስመር አንድ ላይ ሳስቀምጠው የእኛው የኬንያን ኮቴ ይከተላል። ስትወጣ ይወጣል፣ ስትወርድ ይወርዳል፤ ግን ሰባት ዓመት ዘግይቶ።

አማካሪዬ ዶክተር ይገዙ ከወንበራቸው ተነሱ። "ሰባት! ሰባት የወፈሩ ላሞች፣ ሰባት የከሱ ላሞች! ሙሴ፣ ይኼ እኮ ግኝት ነው" አሉ በሰው ሁሉ ፊት።

አንዱ መምህር ሲወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ "ኬንያን የመረጥካት ለምን እንደሆነ እናውቃለን" አለኝ። አብረውት የነበሩት ሳቁ። ኬንያን የመረጥኳት መረጃዋ የተሟላ ስለሆነ ነው። ርዕሱን ያስገባሁት ኤዶም በሄደች በሁለተኛው ሳምንት መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው።


ሐምሌ 2

ከክፍል ወደ ክፍል እየሮጥኩ ነው የምጽፈው። ግብዣ መጣ! ናይሮቢ፣ በጥቅምት፣ የኢኮኖሚ ጥናት ጉባኤ። "ሰባት ዓመት" የሚለውን ጽሑፍ እንዳቀርብ። ትኬትና ማደሪያ በእነሱ። የግል ኮሌጅ አስተማሪ በደመወዙ አውሮፕላን አይሳፈርም፤ ጌታ በላሞቹ አሳፈረኝ።

ለኤዶም ደወልኩ። "እ?" አለች። ቀጥላ "ውይ ደስ ሲል!" አለች። መስመሩ ይቆራረጣል መሰለኝ፤ በሁለቱ መሐል ክፍተት ነበረው።


ሐምሌ 7፣ ማታ

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጎረቤት እንኳ አይሰማም። መብራት የለም፤ በስልኬ ብርሃን ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ እንደሄደች በየማታው ትደውል ነበር። አንድ ቀን እየሳቀች "ሙሴ፣ ስዋሂሊም እንደኛ ነው ሰዓት የሚቆጥረው! ጠዋት ሦስት ሰዓት ይላሉ፣ ልክ እንደኛ!" ብላ ሰማይ የተከፈተላት ያህል ነገረችኝ። ያን ማታ ናይሮቢ ከቡራዩ የምትቀርብ መሰለኝ። ኋላ ጥሪው እሑድ እሑድ ሆነ። አሁን እሑድም ስብሰባ ከሌላት ነው። እሑድ የሚሰበሰብ መሥሪያ ቤት አላውቅም፤ ግን እኔ የማላውቀው ብዙ መሥሪያ ቤት አለ።

ዛሬ ደወለች። ዋናውን ዲግሪዋንና የልደት ምስክር ወረቀቷን እንድልክላት ፈለገች። ሱሉልታ እህቷ አጸደ ጋ ነው ያሉት። የሥራ ፈቃድ ልታሳድስ ይሆናል።

"የጋብቻችንንም ልላከው? እሱ እዚህ እኔ ጋ ነው" አልኳት።

"አይ፣ እሱ አያስፈልግም።"

ስለ ጉባኤው ሳወራ አቋረጠችኝ። ስንት ቀን እንደምቆይ ጠየቀችኝ። አራት ቀን ነው፣ ግን አንድ ሁለት ቀን ልጨምር እችላለሁ አልኳት። "እሺ፣ እናያለን" አለች። "እናያለን" የሚለውን ቃል እጠላዋለሁ። ባንክ ብድር ለማይሰጠው ሰው የሚለው ነው።


ሐምሌ 12

አከራዬ አዴ ዱርሲቱ በሩን ሳልከፍት ከግቢው መሐል በኦሮምኛ ሰላምታ ተጣሩ። "ያ ሙሴ! አካም ቡልቴ?"

"ነጋያ፣ አዴ። እርስዎስ?"

"ኤፍ ኤም ላይ ሰማሁህ እኮ! አንተ ነህ አይደል? ድምፅህን ለየሁት። ስለ ጥልቀት ነው የተማርከው አለ ሰውዬው። ምነው፣ ጉድጓድ ቆፋሪ ልትሆን ነው እንዴ?"

የሳቁት ሳቅ ግቢው ውስጥ እንጨት የሚፈልጠውን ሰው አስቆመው። የዛሬ ሳምንት ዶክተር ይገዙ ራዲዮ ጣቢያ ልከውኝ ነበር። ጋዜጠኛው "ስለዚህ ከሰባት ዓመት በኋላ ዛሬ ኬንያ ያለችበት እንደርሳለን ማለት ነው?" ሲለኝ እኔም ደስታ ይዞኝ "መረጃው እንደዚያ ይላል" ብዬ ነበር።

"ሰባት ዓመት ቅርብ ነው። እኔ ባልደርስ የልጅ ልጆቼ ይደርሳሉ። ገለቶሚ፣ ልጄ" ብለው አመሰገኑኝ። በሰሐን ድንች ሰጡኝ፤ ለራዲዮው መሰለኝ። ቆሜ በላሁት። ሰው ቤቴ ድረስ ምግብ ሲያመጣልኝ ማልቀስ ያምረኛል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።


ሐምሌ 19

ሱሉልታ ደርሼ መጣሁ። ከሰበታ ዓለም ገና፣ ከዓለም ገና አየር ጤና፣ ከዚያ አዲስ አበባን አቋርጦ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ሽቅብ። በጎጃም መንገድ ዳር ሯጮች ከጭጋግ ውስጥ ብቅ ይሉና ተመልሰው ይጠፋሉ። ከአጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ "ይሮጣሉ፣ ይሮጣሉ፣ ዞረው እዚሁ" አለኝ። ሳቅሁ። ከጠዋት ጀምሮ እስከዚያ ከታክሲ ረዳት ሌላ ያነጋገረኝ እሱ ብቻ ነበር።

አጸደ የኤዶም ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻትም እሷ ናት። ቆጮና ጎመን በስጋ አቀረበችልኝ፤ አንስቼ ሳልጨርስ ትጨምራለች። "ከሳህ" ትላለች፣ ትጨምራለች። ፊቴን ግን አታይም። ልጅ እያለሁ እናቴ ዶሮዬን አርዳ ያበላችኝ ቀን እንዲሁ ፊቴን አላየችኝም።

ወጥ ልታሞቅ ገብታ ስልኳ ጮኸ። በቀስታ ነው የምታወራው፤ ግን ግድግዳው ጭቃ ነው።

"እስካሁን አልነገርሽውም?... እኔማ አልነግረውም። ራስሽ ንገሪው... ኤዶምዬ፣ ሰውዬው እኮ እዚህ ተቀምጦ እየበላ ነው!"

ልቤ ዘለለ። ለእንቁጣጣሽ ልትመጣ ነው! ድንገት በር አንኳኩታ ልታስደነግጠኝ። ትወዳለች እንዲህ ያለውን፤ ለልደቴ አንድ ጊዜ አድርጋዋለች። ምንም እንዳልሰማሁ ለመምሰል ሳልኩና ቆጮዬን ቀጠልኩ። ስሰናበት አጸደ እንደ ሁልጊዜው አልሳመችኝም፤ አቅፋ ያዘችኝ፣ ቶሎም አልለቀቀችኝም። "ጌታ ያበርታህ፣ ሙሴዬ" አለች። ለመመረቂያ ጽሑፌ መሆን አለበት።

ማታ። ምናለ ሱሉልታ ባልሄድኩ።

ዲግሪዋን ከመላኬ በፊት ለቅጂ በስልኬ ፎቶ ላነሳው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። በግራ 2006፣ በቀኝ 2014። ማንም የሚያውቀው ነገር ነው፤ የእኔም ዲግሪ እንደዚያው ነው። ግን ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ።

የድሮዎቹ የባንክ ሪፖርቶችም እንዲሁ ናቸው። በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። የብድሩን ቁጥር ከቤተ መጻሕፍት በፎቶ ያነሳሁት ከእንግሊዝኛው ገጽ ነው፤ ለኮምፒውተር ስለሚቀል። አገር ውስጥ የታተመ ነውና ዓመቱ የእኛ አቆጣጠር ነው ብዬ ሰባት ደመርኩበት። ፎቶዎቹን ፈልጌ አየኋቸው። የእንግሊዝኛው ገጽ የፈረንጁን ዓመት ነው የያዘው። የአማርኛው ነው የእኛን የያዘ።

የፈረንጁን ዓመት ወደ ፈረንጅ ቀየርኩት። አገሬን በገዛ እጄ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ አስቀመጥኳት፤ ከዚያ "ኢትዮጵያ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ናት" ብዬ ተጨበጨበልኝ። ሰባት! ሰባት ሲባል ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ጆሮው ሊቆም ይገባ ነበር። አዳራሹ ሙሉ ዶክተር፣ አንድ ሰው እንኳ "ሰባት እኮ የዘመን አቆጣጠራችን ልዩነት ነው" አላለም። እኔም አላልኩም። አሮጌው መረጃ ከአዲሱ ጋር ሲገናኝ አልገጥም ብሎኝ ነበር፤ "የአሠራር ለውጥ" ብዬ ከግርጌ ጽፌ አለፍኩት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩትን ለቅሜ፣ ደርድሬ፣ በፕሮጀክተር አሳየሁት።


ሐምሌ 20፣ እሑድ

ጸሎት ቤት አልሄድኩም። እንደገና ሠራሁት። እንደገና። ሦስተኛ።

ሁለቱ መስመሮች አይከታተሉም። በአንድ ዓመት ይወጣሉ፣ በአንድ ዓመት ይወርዳሉ። አንዱ ሌላውን የጠበቀበት ዓመት የለም።

ኤዶም አልደወለችም። ስብሰባ ይኖራታል።


ሐምሌ 24

ቡራዩ ሄጄ ዶክተር ይገዙን ቤታቸው አገኘኋቸው። በላስቲክ ቦቲ ጎመናቸውን ይኮተኩታሉ። ከጭቃው ሳይወጡ ነው የነገርኳቸው። ዶማቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

"ማን አየው?"

"እኔ።"

"ከአንተ ሌላ?"

"ማንም።"

"እንግዲያው ሂድ። አቅርብ። ተመልሰህ ስትመጣ ቁጭ ብለን እናርመዋለን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አይደል የሚባለው? እያደር ነው ያለው፤ ዛሬውኑ አላለም።" ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ያን ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሙሴ፣ ፊትህን አያለሁ እኮ። ዓመት ሙሉ ብቻህን ነው የከረምከው። ሂድ፣ ባለቤትህን እያት። ሳይንሱ የትም አይሄድም።"

ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ጎመን ቆርጠው ሰጡኝ። ክረምቱን ሙሉ ሰው ሁሉ የሚያስታምመኝ ይመስል ምግብ ያስይዘኛል።

በሚኒባስ ስመለስ ለራሴ ክርክር ገጠምኩ። አራት ቀን ነው። ሰው አይሞትም። ከአየር ማረፊያው ስወጣ ቆማ ታየኛለች፤ ያችን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ይምጣ።


ነሐሴ 3

ደወለች! ሃያ ደቂቃ አወራን። ወረቀቶቹ ደርሰዋታል። የጥቅምቱን ቀን ደግማ ጠየቀችኝና በዚያ ሳምንት ምናልባት ለመስክ ሥራ ሞምባሳ ልትሆን እንደምትችል ነገረችኝ።

"ግድ የለም፣ ሞምባሳ እመጣለሁ" አልኳት።

"ሩቅ ነው እኮ፣ ሙሴ።"

"ከሰበታ ሱሉልታ ለሄደ ሰው ሞምባሳ ሩቅ አይደለም።"

ሳቀች። ትንሽ ሳቀች። ድሮ በእንዲህ ያለ ቀልድ ትከሻዬን ትመታኝ ነበር። ስለ ስሕተቴ አልነገርኳትም። እንቁጣጣሽንም አላነሳሁባትም፤ ድንገት መምጣቷን እንዳላበላሽባት።


ነሐሴ 10

የድሮ ተማሪዬ መንገድ ላይ አግኝቶኝ "መምህር፣ ሰባት ዓመት!" ብሎ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። እኔም አነሳሁለት። ቤት ገብቼ እጄን ታጠብኩ።


ነሐሴ 14

የመኝታ ክፍሉን ቀለም ቀባሁት። አዴ ዱርሲቱ በመስኮት አይተው "ሙሽራ ልታመጣ ነው?" አሉኝ።

"ሙሽራዬ አለች፣ አዴ።"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" አሉ። ሁለተኛውን "አውቃለሁ" ዝቅ አድርገው ነው ያሉት።


ነሐሴ 21፣ ማታ

አንድ ጥያቄ ለራሴ ጠየቅሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሸሽቼው ነበር። ጉባኤው ሐዋሳ ቢሆን ኖሮስ? ሐዋሳ ቢሆን ስሕተቱን ባገኘሁበት ሰዓት ጽፌላቸው ነበር። ለሐዋሳ እውነተኛ፣ ለናይሮቢ ቀጣፊ። ስለዚህ ዝም ያልኩት ዶክተር ይገዙ ስለፈቀዱልኝ አይደለም። ሚስቴን ማየት ስለፈለግሁ ነው፤ በጣም ስለፈለግሁ። ይህን እዚህ ጽፌው ሳነበው አፈርኩ፣ ደግሞም አላፈርኩም። ሰው ሚስቱን ቢናፍቅ ምኑ ያሳፍራል? ግን በሐሰት መስመር ላይ ተንጠልጥዬ ሄጄ ፊቷ ብቆም ታውቅብኛለች። ኤዶም ስዋሽ ከጆሮዬ ታውቃለች፤ ይቀላል ትላለች።

ደግሞ አዴ ዱርሲቱ አሉ። ሰባት ዓመት ቅርብ ነው ብለዋል።

ለጉባኤው አዘጋጆች ጻፍኩላቸው። አጭር ደብዳቤ። "ዓመቱን ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ፤ ሰባት ዓመት የሚባል ግኝት የለም፤ ጽሑፌን አንስቻለሁ።" ኢሜይሉን ላክሁና ስልኩን አልጋ ላይ ወረወርኩት። ዓመት ሙሉ እንደዛሬ ሌሊት ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ ናይሮቢ እንኳ አብራኝ አልነበረችም።


ነሐሴ 27

መለሱልኝ። ትሕትና የተሞላ ነው። ለቅንነቴ ያመሰግናሉ፤ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል። ለዶክተር ይገዙ ስነግራቸው "አንተ ጅል" አሉኝ በስልክ። ቆየት ብለው ደግሞ "መልካም ጅል" አሉ። መመረቂያዬ ለከርሞ ተላልፏል።

አዴ ዱርሲቱን ግቢ ውስጥ አስቁሜ ሰባት ዓመት የተባለው ስሕተት እንደሆነ አስረዳኋቸው። አቆጣጠሩን፣ ግራና ቀኙን፣ ሁሉንም። በጥሞና ሰሙኝ።

"ታዲያ መቼ ነው የምንደርሰው?"

"አላውቅም፣ አዴ።"

"ቶሌ፣ እሺ" አሉ፣ "አለማወቅህንም ራዲዮ ላይ ተናገር እንግዲህ።"

ለኤዶም ገና አልነገርኳትም። መጥታ በአካል ብነግራት ይሻላል። እንቁጣጣሽ ደረሰ።


ጳጉሜ 3

ለእኔ ብላ የጥቅምት ሥራዋን ልታስተካክል ትችላለች ብዬ ስለሰጋሁ መጠበቅ አልቻልኩም። ደወልኩ።

"ኤዶም፣ ጥቅምት አልመጣም" አልኳት።

ምክንያቱን ሳልጀምር ትንፋሽ ሰማሁ። ረጅም ነው፤ የውሃ ጀሪካን ከጀርባዋ ያወረደች ሴት የምትተነፍሰው ዓይነት። ከዚያ "ውይ፣ ያሳዝናል" አለች። ግን ትንፋሹ ቀድሟት ነበር።

"ደስ አለሽ እንዴ?"

በር ስትዘጋ ሰማሁ።

"ኤዶም?"

"ሙሴ፣ ውሌን አራዝሜዋለሁ። ሦስት ዓመት። ግንቦት ላይ ነው የፈረምኩት። ዲግሪውንም የፈለግሁት ለእሱ ነው።"

"አጸደ ታውቃለች?"

"ታውቃለች። በአካል ልነግርህ ነበር። ከዚያ ልትመጣ ነው ስትለኝ... እንቅልፍ አጣሁ። ፊትህን እያየሁ አልችለውም።"

"ለእንቁጣጣሽ የምትመጪ መስሎኝ ነበር።"

"ማን ነገረህ?"

"ማንም።"

ከዚያ ያን ወንዶች ሁሉ የሚጠይቁትን ጥያቄ ጠየቅሁ። "ሰው አለ?"

"የለም። በጌታ፣ ማንም የለም። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት፣ ሙሴ። እዚህ ደህና ነኝ። ጠዋት ስነሳ ደህና ነኝ።"

ሰው ቢኖር ይሻለኝ ነበር። እሱን እጠላ ነበር። አሁን የምጠላው ሰው አጣሁ፤ ደህንነቷን ልጠላ አልችልም። "እሺ" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? አለቀስኩ፣ ከዘጋሁ በኋላ። ቀለሙ ገና ይሸታል።


መስከረም 1፣ 2018 ዓ.ም

ጠዋት ጸሎት ቤት ሄጄ የሰውን ሁሉ እጅ ጨበጥኩ። አዴ ዱርሲቱ ዶሮ ወጥ ላኩልኝ።

እንድትደውል ጠበቅሁ። የሆነው ቢሆንም ዛሬ ትደውላለች ብዬ። ስድስት ሰዓት ሲሆን እኔው ደወልኩ።

"ሄሎ፣ ሙሴ? ስብሰባ ልገባ ነው፣ ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ።"

"ምንድን ነው ጫጫታው?"

"የአዴ ዱርሲቱ የልጅ ልጆች ናቸው። ግቢው ውስጥ ይጫወታሉ።"

"ዛሬ ሐሙስ አይደል እንዴ? ትምህርት የላቸውም?"

እንኳን አደረሰሽ ልላት ነበር የደወልኩት። አፌ ላይ ነበር።

"የላቸውም" አልኳት።